ቅጽል ስም ሰጥተን ስማቸውን ያልጠየቅናቸው ሰዎች

(በመስቀል በዓል ሰሞን በቡታጅራ በሰፈራችን የእድር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር ሙሉ ቃል ነው። በስብሰባው ላይ ላልተገኙ አባሎች እንዲደርስ በማስታወቂያ ሰሌዳችን ላይ ወጥቷል።)

የተከበራችሁ የሰፈራችን እናቶችና አባቶች፣ እኅቶችና ወንድሞች፤ እንዲሁም ከአዲስ አበባና ከሌላም አገር ለመስቀል የገባችሁ ልጆቻችን፤

 

በዚህ ሰሞን ክትፎና ቆጮ በቀረበበት ቤት ሁሉ የምንሰማው ጨዋታ ተመሳሳይ ነው። የዓመቱ ወሬ ከተወራ፣ ለሞተው እግዜር ይማረው ከተባለ፣ የተወለደው ከተመረቀ በኋላ አንዱ ድንገት ተነሥቶ፣ «ያ አውቶቡስ ተራ የነበረው ሰውዬ ትዝ ይላችኋል?» ይላል። ከዚያ በኋላ ሳቅ ነው። ሌላው የገበያዋን ሴትዮ ያነሣል፤ ሌላው ድንጋይ ለቃሚውን ሽማግሌ ያነሣል። ከወልቂጤ የመጡ ዘመዶቻችንም በጅማ መንገድ ዳር ያደጉባቸውን የራሳቸውን ሰዎች ይጨምራሉ። እንደዚህ ያሉ ሰዎች የሌሉበት ከተማ የለም። እኛም ዛሬ እነሱኑ ልናነሣ ነው። ዳሩ ግን ከሳቁ ጋር አንድ ሌላ ነገር መነገር አለበት ብለን ስላመንን ነው ጊዜያችሁን የምንወስደው።

አንድ ነገር አስቀድመን እናስታውቅ። የማንንም ስም አንጠራም፤ ቅጽል ስማቸውንም አንጽፍም። ዘመድ አላቸው፤ ዘመዶቻቸውም እዚሁ ከእኛ ጋር ይኖራሉ። ደግሞስ ስማቸውን እንጥራ ብንል ከየት እናመጣዋለን? ወደዚህ ጉዳይ ኋላ እንመለስበታለን።

የአውቶቡስ ተራው ሰው ገና ጎሕ ሳይቀድ ከሁሉ ቀድሞ ይገኝ ነበር። ሦስት ኮት ደራርቦ፣ ፊሽካ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ ዱላውን ይዞ መኪናዎቹን ያሰማራል። «ሆሳዕና! ዝዋይ! አዲስ አበባ!» እያለ ይጣራል። ሾፌሮቹም ለጨዋታ ይሁን ለገድ፣ እሱ እጁን ካላነሣ አይንቀሳቀሱም ነበር። ልመና አያውቅም። ሳንቲም የሰጠው ሰው ካለ፣ «ሥራ ላይ ነኝ እኮ!» ብሎ ይቆጣል። ማታ የት እንደሚያድር ግን የጠየቀው አልነበረም።

የገበያዋ ሴትዮ ደግሞ በበርበሬ ነጋዴዎች መካከል ትመላለስ ነበር። በብብቷ የማይለያት የወረቀት እሽግ ነበራት፤ የስኳር መጠቅለያ፣ የጋዜጣ ቁራጭ፣ የድሮ ደብተር። «ክስ አለኝ፤ ቀጠሮዬ ነገ ነው» ትላለች። እኛም ልጆች ሆነን፣ «ፍርዱ እንዴት ሆነ?» እያልን እንከተላት ነበር። በእርግጥ የተነጠቀችው ነገር ይኑር አይኑር ቁጭ ብሎ የሰማት ሰው ትዝ አይለንም።

አንዲት ውኃ ቀጂም ነበረች። በመንገድ ላይ ስትወድቅ እንስራው ይሰበራል፤ ሰው ሁሉ ወዲያ ይሸሻል። ክንዷ በእሳት ተጎድቶ የቀረው ምድጃ አጠገብ ስትወድቅ የሚያነሣት አጥታ ነው። ይጋባል ተብሎ ይፈራ ስለነበር ማንም አይነካትም።

ድንጋይ ለቃሚው ሽማግሌ ግን የተለዩ ነበሩ። ማለዳ ማለዳ ከመንገዱ ላይ ድንጋይ እየለቀሙ ዳር ይከምራሉ። «አባባ፣ ምን ያደርግልዎታል?» ሲባሉ፣ «ይህን መንገድ እኮ በመዋጮ ነው የሠራነው» ይላሉ። ይህን ስለሚያደርጉ ብቻ አበዱ ተባሉ። አሁን ስናስበው ከሁላችንም ይልቅ ጤነኛው እሳቸው ነበሩ። የጉራጌ ሕዝብ በ1950ዎቹ ገንዘብ አዋጥቶ፣ በአዲስ አበባ በጫማ ጠረጋና በሱቅ ያገኘውን ሳንቲም ሰብስቦ፣ አገሩን ከዋና ከተማው ጋር የሚያገናኝ መንገድ ማሠራቱ የታወቀ ታሪክ ነው። ሽማግሌው የገዛ ንብረታቸውን ነበር የሚጠብቁት።

እንግዲህ እንደ ሽማግሌው ያሉት ሕመምተኞች አይደሉም። ሌላው ሰው የማያደርገውን ስለሚያደርጉ ወይም የማይናገረውን ስለሚናገሩ ነው ስም የሚወጣላቸው። ክቡር አቶ ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ያሉትን ጉዱ ካሳን ያነበበ ሁሉ ያስታውሳቸዋል። ስማቸው ካሳ ዳምጤ ሲሆን፣ የዘመኑን ደንብ ስለነቀፉ አገሬው «ጉዱ» አላቸው። እውነት የሚናገረውን ሰው እብድ ብሎ መገላገል የቆየ ልማዳችን ነው።

የቀሩት ግን ታመው ነበር። ይህን በግልጽ እንናገረው። እኛ ትርኢት አድርገን የምናየው ነገር ለእነሱ ሥቃይ ነበር። የዚህም ማስረጃ ከሩቅ አገር የመጣ አይደለም፤ ከዚሁ ከቡታጅራና ከአካባቢዋ የተገኘ ነው።

ብዙዎቻችን እንደምናስታውሰው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ሐኪሞች በመስቃንና ማረቆ ቤት ለቤት እየዞሩ 60,820 ሰዎች የሚኖሩበትን አካባቢ ስለ ሚጥል በሽታ መርምረው ነበር። በሽታው ያለባቸው 316 ሰዎች ተገኙ። ከ1,000 ሰው 5 ያህሉ ማለት ነው። ከመካከላቸው እንደ ውኃ ቀጂዋ በእሳት የተቃጠሉ ነበሩ። የሚጥል በሽታ የአንጎል ሕመም እንጂ በመንካት የሚጋባ አይደለም። በመድኃኒትም ይታገሣል።

ከዚያም እ.ኤ.አ. ከ1998 እስከ 2001 ድረስ የአዲስ አበባ ዩኒቨርስቲ ሐኪሞች ከስዊድኑ የኡሜዎ ዩኒቨርስቲ ጋር ሆነው ስለ ከባድ የአእምሮ ሕመም ሌላ ጥናት አደረጉ። ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት የሆነ 68,378 ሰዎች ተጠየቁ። ስኪዞፍሬንያ ከተባለው ሕመም ታማሚዎች መካከል ከዚያ በፊት የሕመሙን መድኃኒት ቀምሰው የሚያውቁት ከ10 አንዱ እንኳ አይሞሉም ነበር። ልብ በሉ፤ ጥናቱ ሕመምተኞቹን ካገኘባቸው መንገዶች አንዱ ሰፈሩን ጠንቅቀው የሚያውቁ ሰዎችን መጠየቅ ነበር። ማለትም እኛን። የት እንደሚውሉ፣ ምን እንደሚያደርጉ፣ ከመቼ ጀምሮ እንደተለወጡ እናውቅ ነበር። አውቀን ግን ቅጽል ስም ከማውጣት በቀር ያደረግነው ነገር የለም።

አሁን አንድ ጥያቄ እንጠይቃችሁ። ስለ እነዚያ ሰዎች ስንጫወት ሽማግሌ ሆነው፣ አርጅተው፣ ተጦረው የምናስታውሰው አለ ወይ? የድንጋይ ለቃሚውን አባባ ትተን ማለታችን ነው። የለም። ሁሉም በጉልምስናቸው ነው ከዓይናችን የጠፉት። ለምን እንደሆነ ያው ጥናት መልሶታል። ሐኪሞቹ 919 ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች ለ10 ዓመት ተከታተሏቸው። በዚያ ጊዜ ውስጥ 121ዱ ሞቱ። መኖር ከሚገባቸው ዕድሜ 30 ዓመት ያህል ቀድመው ነው የሞቱት። ግማሽ ያህሉን የገደላቸው ሌላውንም ሰው የሚይዘው ተላላፊ በሽታ ነው። የቀሩትን ደግሞ ሌላ በሽታ፣ አደጋ፣ በሰው እጅ መገደልና የገዛ ራስን ማጥፋት ወሰዳቸው። አንድ ሰው የሚያክመው ቢያገኝ ኖሮ የማይሞትበትን በሽታ፣ «እሱ እኮ እብድ ነው» ተብሎ ሞተበት ማለት ነው።

ወደ አውቶቡስ ተራው ሰው እንመለስ። አንድ ቀን ጠዋት ፊሽካው ሳይሰማ ቀረ። አስክሬኑ ከአንድ ሱቅ በረንዳ ላይ ተገኘ። ሰው ተሰበሰበ፤ ያዘነም ያለቀሰም ነበር። ታዲያ የት ይቀበር? ክርስቲያን ነው ወይስ ሙስሊም? ቄስ ይጠራ ወይስ ሼህ? ያን ያህል ዓመት ሲያስቀን የኖረ ሰው፣ የአባቱ ስም ቀርቶ የራሱ ስም እንኳ ከመካከላችን በአንዱም አይታወቅም ነበር። የእድር አባል ስላልሆነ ድንኳን አልተተከለለትም። በመጨረሻ ማዘጋጃ ቤት ቀበረው። ከዚህ የምንወቅሰው ሌላ ሰው የለም፤ የምንወቅሰው ራሳችንን ነው።

ይህን ስናስብ ሌላም ነገር ትዝ ይለናል። ጋሼ ወይም አባባ ሊባል የሚገባውን ሰው ሕፃን ሳይቀር «አንተ!» ይለው ነበር። የገበያዋም ሴትዮ ለብዙዎቻችን በእናት ዕድሜ ነበረች፤ «አንቺ!» ነበር የምንላት፤ አሁን እንኳ ስለ እሷ ስንናገር «እሳቸው» ማለት አልመጣልንም። ሰውን ከሰው ተራ ማውጣት የሚጀመረው ከዚህ ነው።

በጉራጌ አገር ሰው ሁሉ የሚኮራበት ጀፎረ አለ። ከቤቶቹ ፊት ለፊት የተዘረጋ ሰፊ መስክ ነው፤ ሠርጉም ለቅሶውም መስቀሉም እዚያ ነው። ማንም አጥሮ የእኔ ነው ሊለው አይችልም። የከተማ መንገድም የከተማ ሰው ጀፎረ ነው። እዚያ የሚያድረው ሰው የእኛው ጀፎረ ላይ ነው የሚያድረው።

ዛሬም በሰፈራችን እንደዚህ ያሉ ሰዎች አሉ። እንደ ዱሮው ግን አይደለም፤ የሚደረግ ነገር አለ። ከጥናቱ ጋር ተያይዞ በአእምሮ ሕክምና የሠለጠኑ ነርሶች በቡታጅራ ሥራ ጀምረዋል። በጎረቤታችን በሶዶ ወረዳ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2011 በተጀመረ ሥራ የጤና ጣቢያ ሠራተኞች ሠልጥነው ሕመሙን ማከም ችለዋል። ድሮ አማኑኤል ሆስፒታል ካልደረሱ ሕክምና የለም ይባል ነበር። በወር አንድ ጊዜ የሚሰጥ መርፌም አለ፤ በየቀኑ ክኒን መዋጥ ለሚያዳግተው ይረዳል። ስለዚህ ኮሚቴያችን የሚከተለውን ለውይይት ያቀርባል።

አንደኛ፣ በሰፈራችን መንገድ ላይ የሚኖረውን ሰው ሁሉ ስሙን፣ የአባቱን ስም፣ አገሩንና ሃይማኖቱን እንጠይቅ። በአንድ ቀን ላይናገር ይችላል፤ ቡና ይዞ ደጋግሞ መሄድ ነው። የተገኘው በእድሩ መዝገብ ይጻፍ። በዚህ ሰሌዳ ላይ ግን አይለጠፍም።

ሁለተኛ፣ ለእያንዳንዱ ሰው ከመካከላችን ሁለት ሰዎች ኃላፊ ይሁኑ። ዘመድ ካለው ከዘመዱ ጋር ተመካክረው ወደ ሕክምና ይውሰዱት፤ ቀጠሮውንም ያስታውሱ። በገመድና በሰንሰለት አይደለም፤ በቤቱ ያሰረ ቤተሰብ ካለም ሳንወቅሰው ቀርበን እናግዘው፤ ቸግሮት ነውና። ጸበሉንም ዱዓውንም ተዉ አንልም፤ መድኃኒቱን ግን ስለተሻለው ብቻ አያቋርጥ እንላለን። የመጓጓዣውና የመድኃኒቱ ወጪ ከመዋጮ ይሸፈን። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው።

ሦስተኛ፣ በሰፈራችን መንገድ ላይ የሞተ ሰው ሁሉ እንደ አባል ይቀበር። ድንኳኑ ይተከል፤ አግዳሚው ይውጣ፤ በስሙ ይለቀስለት።

አራተኛ፣ ለልጆቻችን እንንገር። ድንጋይ መወርወር፣ ስም ማውጣት፣ ተከትሎ መጮህ ይቅር። ሰው በሚጥል በሽታ ሲወድቅ ካዩ አይሽሹ። ከእሳትና ከመኪና ያርቁት፤ ከራሱ ሥር ጨርቅ ያድርጉ፤ መንፈራገጡ ሲያበቃ በጎኑ ያስተኙት። ክብሪት ጭሮ ማሽተት፣ በአፉ ውስጥ ማንኪያ መክተት አይጠቅምም፤ ይጎዳል። መንፈራገጡ ከአምስት ደቂቃ ካለፈ ሳይዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ ነው።

ወጪው ከየት ይመጣል የሚል ይኖራል። አባቶቻችን በሳንቲም መንገድ አሠርተዋል። እኛ ደግሞ በዚያ መንገድ ላይ ለወደቀው ሰው ማዋጣት ያቅተናል? አያቅተንም።

በመጨረሻም፣ መሳቅ ይቅር አላልንም። የአውቶቡስ ተራውን ሰው ስናስታውስ እኛም እስካሁን እንስቃለን፤ ጠዋቱን ያደምቅልን ነበርና። የሚመጣው መስቀል ስንገናኝ ግን ስለ ዛሬዎቹ ሰዎች ስንጫወት በስማቸው እየጠራን፣ ቢቻል ደግሞ እነሱም አጠገባችን ቁጭ ብለው አብረውን እየሳቁ እንዲሆን እንመኛለን። በሚቀጥለው ወር የእድር ስብሰባ በአራቱ ሐሳቦች ላይ ስለምንወስን ሁላችሁም አስባችሁበት እንድትመጡ አደራ እንላለን።

ፈጣሪ ይርዳን። 

የእድሩ ኮሚቴ