ጥፋቱ የማን ነው?

(ስለ መሰናክል ዝላይና ፈረስ ስለ መለዋወጥ በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



በዚህ ዓመት ብቻ ሦስት ጊዜ ከፈረስ የወደቀ ሰው ስለ ግልቢያ ንግግር እንዲያደርግ መጠየቁ ሳያስቃችሁ አይቀርም። ነገር ግን መሬቱ ምን ያህል እንደሚጠጥር የሚያውቀው የወደቀ ነውና፣ የምናገረው እንደ ዐዋቂ ሳይሆን እንደ ምስክር መሆኑን አስቀድሜ አስታውቃለሁ። ጉዳዬም አንድ ነው። መሰናክል ስንዘል ስሕተት ቢደርስ ጥፋቱ የፈረሱ ነው ወይስ የጋላቢው? ይህንስ ለይቶ ለማወቅ ፈረስ መለዋወጥ የሚረዳን እንዴት ነው?

እኔ ባላገር ያደግሁ ነኝ። የእግሬን አውራ ጣት ብቻ እርካብ ውስጥ አስገብቼ የአባቴን ዳማ ፈረስ ስጋልብ ልጅነቴ አለፈ። በጥምቀት ሜዳ ጉግስ የሚጫወቱትን እያየሁ እቀና ነበር። እንግዲህ አዲስ አበባ መጥቼ ከከተማው ዳር ወዳለ አንድ የግልቢያ ማሠልጠኛ በገባሁ ጊዜ፣ የመጣሁት ለመማር ሳይሆን ለማሳየት መስሎኝ ነበር። የተሰጠኝም ፈረስ በዕድሜ የጠና፣ አፉ የደነደነ፣ ሁሉን የሚችል ቡላ ነበር። ሦስት ወር ሙሉ በእርሱ ላይ ስዘል አግዳሚ የጣልሁበት ቀን በጣት የሚቆጠር ነው። እኔም ጋላቢ ሆንሁ አልሁ፤ ለጓደኞቼም አወራሁ።

አንድ ቅዳሜ ጧት አስተማሪያችን፣ እኛ ባልደራስ የምንላቸው ሽማግሌ፣ «ዛሬ ሁላችሁም ፈረስ ትለዋወጣላችሁ» አሉና ዕጣ አወጡ። ለእኔ አንዲት ጉራች ባዝራ ደረሰችኝ። ሁለቱን መሰናክሎች ዘለለች፤ ሦስተኛው ዘንድ ስትደርስ ግን እግሯን ተክላ ቆመች። መልሼ አመጣኋት፤ አሁንም ቆመች። ስናገረው እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል፤ በአለንጋ ሁለት ጊዜ መታኋት። እርስዋ ወደ ግራ ስትሸሽ እኔ ወደ መሬት ሄድሁ። አቧራዬን እያራገፍሁ «ይህች ባዝራ ክፉ ናት» አልሁ። ባልደራሱ መልስ አልሰጡኝም። በዕድሜ ከእኔ የምታንስ አንዲት ልጅ ጠርተው በባዝራይቱ ላይ አስቀመጧት። ባዝራይቱም ያንኑ መሰናክል ትንሽ ቦይ እንደምትሻገር ያህል ቀልሎላት ዘለለችው።

በዚያው ሳምንት በሌሎች ሁለት ፈረሶች ላይ ወጣሁ። አንደኛው ቆመብኝ፤ ሁለተኛው አግዳሚውን ሁሉ በኋላ እግሩ እየመታ ጣለ። ያን ጊዜ ባልደራሱ ጠሩኝና «ልጄ፣ ሦስት ምስክር በአንድ ቃል ሲመሰክርብህ ምስክሩን መስደብ ትተህ ራስህን መርምር» አሉኝ።

መረመርሁ። ጥፋቴ ይህ ነበር። ፈረሱ ለመዝለል ከመሬት ሲነሣ ሰውነቴ ወደ ኋላ ይቀራል፤ እንዳልወድቅም ዛቡን እይዛለሁ። ልጓሙም በዚያች ቅጽበት የፈረሱን አፍ ይቆርጠዋል። ቡላው አፉ ስለ ደነደነ ችሎኝ ኖሯል፤ ባዝራይቱ ግን አፏ ለስላሳ ነው። ሁለት ጊዜ ዘላ ሁለት ጊዜ ተቀጣች፤ በሦስተኛው እምቢ ብትል ምን ያስገርማል? እኔም በጥፋቴ ላይ አለንጋ ጨመርሁባት። እንግዲህ አንድ ፈረስ ብቻ የሚጋልብ ሰው ጥፋቱን ፈረሱ ይሸፍንለታል፤ እርሱም መሸፈኑን ችሎታ ነው ይለዋል።

ወደ ኋላ ማዘንበል የእኔ ብቻ ስሕተት አይደለም። በአውሮፓም ፈረሰኞች እርካባቸውን አስረዝመው፣ በዝላይ ጊዜ ወደ ኋላ ተለጥጠው፣ ዛቡን ወጥረው ይዘሉ ነበር። ይህን የለወጠው ፌዴሪኮ ካፕሪሊ የተባለ የኢጣልያ ፈረሰኛ ጦር መኰንን ነው (1868-1907፤ ዘመኑን ሁሉ የምጠራው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው)። ኢጣልያ ሲባል ፊታችሁን አታጥቁሩ፤ ዕውቀት ከጠላት አገርም ቢሆን ይወሰዳል። ካፕሪሊ ፈረስ ያለ ጋላቢ ሲዘል ተመለከተ። ፈረሱ አንገቱን ወደ ፊት ይዘረጋል፤ ጀርባውን ያጐብጣል፤ በፊት እግሮቹም ያርፋል። ወደ ኋላ የተለጠጠው ጋላቢ ግን ጀርባውን ይጫነዋል፤ አንገቱንም ይከለክለዋል። ስለዚህ ካፕሪሊ እርካቡን አሳጠረ፤ ጋላቢው ከኮርቻው ጥቂት ተነሥቶ ወደ ፊት እንዲያዘነብል፣ እጁም የፈረሱን አፍ እንዲከተል አስተማረ። ዛሬ በዓለም ላይ የሚዘልበት አቀማመጥ መሠረቱ ይኸው ነው።

አቀማመጡ ሲዘረዘር እንዲህ ነው። እርካቡ የሚያርፈው በእግር መዳፍ ሰፊው ክፍል ላይ ነው፤ ተረከዝም ወደ ታች ይወርዳል። በአውራ ጣት የለመደ እግር እርካብን መቆንጠጥ እንጂ መርገጥ ስለማያውቅ፣ እኔ በዚህ ላይ ብዙ ደክሜአለሁ። የአባቶቻችንን እርካብ መናቄ አይደለም፤ የዚህ ሥራ ግን ሌላ ነው። ባት የፈረሱን ጎን ሳይለቅ ጸጥ ብሎ ይቀመጣል፤ ጉልበት ግን አይቆነጥጥም፤ የሚቆነጥጥ ጉልበት እንደ ማጠፊያ ሆኖ ሰውየውን ወደ ፊት ይደፋዋል። በዝላይ ጊዜ የሚታጠፈው ዳሌ ነው እንጂ ወገብ አይደለም። እጅ ከፈረሱ አንገት ጋር ወደ ፊት ይሄዳል። ዐይን ወደሚቀጥለው መሰናክል ይመለከታል፤ መሬት መሬት የሚያይ መሬት ይወርዳልና።

ይህን በቃል ማወቅ ቀላል ነው፤ ሰውነት እንዲያውቀው ግን መደጋገም ያስፈልጋል። ባልደራሱ ወደ ኋላ መልሰው ከመጀመሪያው አስጀመሩኝ። መጀመሪያ ስድስት አግዳሚዎች መሬት ላይ በ1.30 ሜትር ርቀት ተደርድረው፣ በሶምሶማ እየተሻገርሁ በእርካብ ላይ ቆሜ መዋልን ተማርሁ። ቀጥሎ ዝቅተኛ መሰናክል ስዘል ዛቡን ሳይሆን ጋማውን እንድይዝ ታዘዝሁ፤ የወደቀ ሚዛን በጋማ ላይ ቢንጠለጠል የፈረሱ አፍ አይጎዳም። በመጨረሻም በታጠረ ሜዳ ውስጥ ዛቡን ቋጥሬ በአንገቱ ላይ በመተው፣ ሁለት እጄን ዘርግቼ ዘለልሁ። ይህን ግን አስተማሪ ሳይኖር ማንም አይሞክረው። እጅ የሚይዘው ሲያጣ እግርና ዳሌ ሥራቸውን ይማራሉ።

አሁን ወደ ፈረስ መለዋወጡ ልመለስ። ደንቡ በአጭሩ ይህ ነው፤ አቀማመጥህ በሁሉም ፈረስ ላይ አንድ ይሁን፣ የምትጠይቅበት መንገድ ግን እንደ ፈረሱ ይለያይ። ቸኳዩን ፈረስ ዘወትር በመሳብ አታበርደውም፤ በክብ አዙረህ፣ ይዘህ ለቀህ፣ አንተ ራስህ ስትረጋ ይረጋል። ሰነፉን አለንጋ ሳይሆን አስቀድሞ ባትህ ያንቃው፤ መሰናክሉ ፊት ከደረስህ በኋላ ሳይሆን ገና ከሩቅ ግልቢያውን አነቃቃ። ደንባራውን ከትንሽ መሰናክል ጀምረህ እምነት ስጠው። ወጣቱ ፈረስ አንዳንዴ ከሚገባው በላይ ይዘላልና ጋማውን ያዝለት። የእርምጃቸውም ርዝመት አንድ አይደለም። የአንድ ፈረስ የግልቢያ እርምጃ በአማካይ 3 ሜትር ተኩል ያህል ቢሆን ነው፤ ነገር ግን ባለ ረጅም እርምጃው በአምስት የሚጨርሰውን ርቀት፣ አጭሩ በስድስት ቢጨርሰው ጥፋት የለበትም።

በማታውቀው ፈረስ ላይ ስትወጣ ወዲያው አትዝለል። የሚያውቀውን ሰው ጠይቅ። በእርምጃ፣ በሶምሶማ፣ በግልቢያ ሂድበት፤ ወደ ግራና ወደ ቀኝ አዙረው፤ አቁመው፤ ባትህን ስትነካው ምን ያህል ፈጥኖ እንደሚመልስ እይ። ከዚያ በኋላ አንድ ትንሽ መሰናክል ይበቃል።

ይህ ፈተና በታላላቆቹም ላይ ደርሷል። ለብዙ ዓመታት፣ እስከ 2014 ድረስ፣ በመሰናክል ዝላይ የዓለም ሻምፒዮና የመጨረሻዎቹ አራት ተወዳዳሪዎች እያንዳንዳቸው በራሳቸውና በሦስቱ ባላንጣዎቻቸው ፈረስ ይዘሉ ነበር። ዘመናዊ ፔንታትሎን በተባለውም ውድድር ተወዳዳሪው በዕጣ የደረሰውን ፈረስ በ20 ደቂቃ ተዋውቆ ይዘል ነበር። በ2021 በተደረገው የቶክዮ ኦሎምፒክ፣ ውድድሩን ስትመራ የነበረች አንዲት ጀርመናዊት ከእርስዋ በፊት በሌላ ተወዳዳሪ ሥር እምቢ ያለ ፈረስ ደረሳት። ፈረሱ አሻፈረኝ አለ፤ እርስዋም በላዩ ሆና ስታለቅስ ዓለም አየ፤ አሠልጣኟም ፈረሱን በቡጢ ስለ መታች ከጨዋታው ተባረረች። ከ2024 የፓሪስ ኦሎምፒክ በኋላ ግልቢያ ከዚያ ውድድር ወጥቷል። እኔ ያንን ሥዕል ሳይ የምፈርድበት አንደበት የለኝም፤ ያችን ጉራች ባዝራ አስታውሳለሁና።

ስለ እድገታችንም አንድ ምክር ልጨምር። እድገትን በመሰናክሉ ከፍታ አትለኩት፤ ከፍታውን የሚዘለው ፈረሱ ነው። እኔ ደብተር ይዣለሁ። በአንድ ወገን የፈረሱን ስም፣ በሌላው የደረሰውን ስሕተት እጽፋለሁ። በአንድ ፈረስ ላይ ብቻ የሚታየው ስሕተት ምናልባት የፈረሱ ጠባይ ነው፤ ሕመም ወይም የማይመች ኮርቻ ሊሆንም ይችላልና መመርመር አለበት። ከፈረስ ወደ ፈረስ የሚከተለኝ ስሕተት ግን የራሴ ነው። ደብተሬ ገና አልነጻም።

ባለፈው ወር ያችኑ ጉራች ባዝራ መልሰው ሰጡኝ። በ80 ሳንቲ ሜትር መሰናክል ላይ፣ ጋማዋን ይዤ፣ ስድስት ጊዜ ዘለልን። ሰባተኛውን ባልደራሱ ከለከሉኝ፤ «ደስ ብሏት ሳለ አውርዳት» አሉ። አባቶቻችን ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም ይላሉ። እኔም ከዚህ የተማርሁት የጋላቢው ድርሻ ለፈረሱ እንደማይተላለፍ ነው።