ለቦቢ ጥርስ ቅልጥም ይበጃል?

በአምቦ፣ በጉደርና በጊንጪ ግቢ የሚጠብቅ ውሻ የሚበላው ከባለቤቱ ገበታ የተረፈውን ነው። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ሥጋ ቤቱ ሲቀዘቅዝ፣ ውሻው ቦቢም ሽሮ የነካካው እንጀራ ሲበላ ይከርማል። በሽሮው ውስጥ ያለው ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ደሙን እንደሚጎዳው የሚነግርለት የለም። ፋሲካ ሲደርስ ደግሞ ቅልጥሙና ጎድኑ በአንድ ጠዋት ይዘንብለታል። «ይጋጥ፣ ጥርሱን ያጠራለታል» ይላሉ ባለቤቱ። መጋጥ በርግጥ ቆሻሻ ይፍቃል፤ አንዳንዴ ግን ጥርሱንም ጭምር ይሰብራል።

የላይ ከንፈሩን ገለጥ ቢያደርጉት ክራንቻው ነጭ ሆኖ፣ ወደ ኋላ ያለው ትልቁ መንጋጋ ድዱ ጥግ ላይ ቡናማ ቅርፊት ለብሶ ይታያል። የምራቅ ቧንቧ የሚከፈተው እዚያው ትይዩ ነው። ምራቁ ውስጥ ያለው ማዕድን በጥርሱ ላይ የተለጠፈውን ለስላሳ ቆሻሻ በጥቂት ቀናት ውስጥ ያደነድነዋል። የውሻ ጥርስ እንደ ሰው ብዙ ጊዜ ተቦርቡሮ አይታይም፤ መከራው ከድዱ ነው። ድዱ ይቀላል፣ ይደማል፤ ጥርሱን የያዘው አጥንት ይመነምንና ከ42ቱ ጥርሶች አንዳንዶቹ ይነቃነቃሉ። ሦስት ዓመት ካለፋቸው ውሾች አብዛኞቹ ላይ ምልክቱ አለ። «የውሻ አፍ ድሮም ይሸታል» የሚባለውም ብዙ ጊዜ በሽታ ነው።

ወደ ቅልጥሙ እንመለስ። የሚሰነጠቀው ያው ትልቁ መንጋጋ ነው። ስንጥቁ ውስጥ ተህዋሲያን ይገቡና ከሳምንታት በኋላ ከዓይኑ ሥር ያብጣል። ሰፈሩም «ድንጋይ መቱት» ይላል።

ቅርጫ ሲከፈል ውሃ የቋጠረ ሳንባ ወይም ጉበት ከተገኘ «ለውሻ ጣለው» ይባላል። ይህ ደግሞ ከሁሉ የከፋ ግብዣ ነው። በቋጠሮው ውስጥ ያለው ትል ውሻው አንጀት ውስጥ ያድግና፣ እንቁላሉ በውሻው ምላስ በኩል ሳይቀር ወደ ልጆች እጅ ይደርሳል። እንዲህ ያለውን መቅበር ወይም ማቃጠል ነው።

ለጥርሱ ግን መፍትሔው ውድ አይደለም። ቡችላውን ከልጅነቱ ማለማመድ፣ ለስላሳ የሕፃን ብሩሽ በውሃ እያረጠቡ የጥርሱን የውጭ ገጽ በየቀኑ ማሸት በቂ ነው። የሰው የጥርስ ሳሙና ግን አይሆንም፤ ውሻ መትፋት ስለማያውቅ ፍሎራይዱን ይውጠዋል። የደነደነውንም በቢላ መፋቅ ድዱን ማቁሰል ነው፤ ውሻው በማደንዘዣ ተኝቶ ሐኪም ከድዱ ሥር ጭምር ሊያጸዳው ይገባል። ችግሩ የአካባቢው የእንስሳት ሐኪም ቀኑን ሙሉ ከላምና ከበሬ ጋር መዋሉ ነው።

አንድ ነገር ግን ይለይ። ለሃጩ የሚዝረከረክ፣ መንጋጋው የተንጠለጠለ ውሻ «አጥንት ተሰንቅሮበት ነው» ተብሎ እጅ አይሰደድበትም። የእብድ ውሻ በሽታ እንዲህ ሆኖ ይታያል። የነከሰው ወይም ለሃጩ የነካው ሰው ቦታውን ለ15 ደቂቃ በሳሙናና በውሃ አጥቦ፣ ሳያድር ጤና ጣቢያ ይሂድ።