«አስታማሚ ይውጣ!»

ለዚህ ሥልጠና ከወረታ በኩል ወደ ይፋግ የመጣችሁ ነርሶችና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ የርብን ወንዝ ተሻግራችሁ፣ የሩዝ ማሳውን ጭቃ ረግጣችሁ እንደደረሳችሁ ጫማችሁ ይናገራል። አዘጋጆቹ «ሲስተር፣ አጭር ይሁንልን» ብለውኛል። ጡረታ የወጣች ነርስ አጭር ስትናገር ሰምታችሁ ካወቃችሁ እጃችሁን አውጡ።

በየዋርዳችን ጠዋት ራውንድ ሊጀመር ሲል የሚሰማ ድምፅ አለ፤ «አስታማሚ ይውጣ!» እኔም ለብዙ ዓመት ጮኼዋለሁ፤ ድምፄ ደግሞ ኮሪደሩን አልፎ ግቢ ይደርስ ነበር። እናት ነጠላዋን ታጣፋለች፣ ፔርሙዙን ወደ አልጋው ሥር ገፋ አድርጋ ትወጣለች። ከዚያ ሐኪሙ ይጠይቃል፦ «ሌሊት ስንት ጊዜ አስመለሰው? ሽንቱስ እንዴት ነው? ጡት ይዟል?» እኛ ፋይል እናገላብጣለን። መልሱ ግን በር ላይ ቆሟል።

አማርኛችን ማከምንና ማስታመምን ለይቶ ነው የሰየማቸው። ማስታመም «ታመመ» ከሚለው ከራሱ ከሕመሙ የወጣ ቃል ነው። ነርስነት ወደ አገራችን ሲመጣ የማስታመምን ሥራ ከእናት ተረክበናል እንላለን። እውነቱን ለመናገር ግን ልጁን የምታጥበው፣ የምታጎርሰው፣ ሌሊት ትንፋሹን የምታዳምጠው አሁንም እሷ ናት። ሥራውን ትተንላት የማወቅ መብቷን ብቻ ወሰድንባት።

ከሙያችን ቀዳሚዎች አንዷ ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ የሕፃናት ነርስ እንደነበሩ ስንቶቻችሁ ታውቃላችሁ? በስደት ዘመን ለንደን በሚገኘው በግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ተምረው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1939 ተመረቁ። ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ በ1942 ነቀምት ላይ በወጣትነታቸው አረፉ። በዚያ ዘመን በእንግሊዝ ሆስፒታሎች ወላጅ የታመመ ልጁን የሚጠይቀው በተወሰነ ቀንና ሰዓት ብቻ ነበር። «እናት ስትመጣ ልጁ ያለቅሳል፣ ሥርዓት ይበላሻል» ይባል ነበር። እንግሊዞች ይህ ልጆችን እንደሚጎዳ ተረድተው በ1959 የፕላት ሪፖርት በሚባለው ሰነድ ወላጅ በማንኛውም ሰዓት ይግባ አሉ። ባለቤቶቹ የተዉትን ጩኸት እኛ እስካሁን እንጮኻለን።

አሁን የራሴን ጥፋት ልንገራችሁ። የሆስፒታሉን ስም ተዉት። ጭንቅላቱ ውስጥ ውኃ ቋጥሮ ሻንት የተደረገለት የሁለት ዓመት ልጅ ነበረ። ሻንት ማለት ከጭንቅላት ተነሥቶ በቆዳ ሥር እስከ ሆድ የሚወርድ ቀጭን ቱቦ ነው። ልጁ አተኮሰው፣ አስመለሰውም። በወባ ወራት፣ በፎገራ ሜዳ፣ ትኩሳትና ማስመለስ ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ። ደሙ ተመረመረ፤ ወባ ተገኘ። እኔም ደስ አለኝ፤ መልስ ያገኘሁ መስሎኝ።

እናቱ ግን «እትዬ ሲስተር፣ ወባ አውቃለሁ፣ ይሄ የወባ ማስመለስ አይደለም። ዓይኑ ወደ ታች ወረደብኝ» አለችኝ። «አንቺ ሐኪም ነሽ?» አልኳት። ቀጥዬም አስወጣኋት። ዓይን ወደ ታች መውረድና መደንዘዝ የተዘጋ ሻንት ምልክት መሆኑን ተምሬዋለሁ፤ ፈተናም አልፌበታለሁ። ልጁ ወባም ነበረበት፤ ሻንቱም ተዘግቶ ነበር። አንዱ መገኘቱ ሌላውን አያስቀርም። ወደ ከፍተኛ ሆስፒታል የተላከው በሁለተኛው ቀን ነው። ነፍሱ ተረፈች፤ እይታው ግን እንደ በፊቱ አልሆነም።

ይህ አካባቢ ወባ መስሎ የመጣ ነገር ሲያታልለው ያ የመጀመሪያው አልነበረም። በ1997 ዓ.ም. በዚሁ በሊቦ ከምከም ወረዳ ሰው ሲያልቅ መድኃኒት የተላመደ ወባ ነው ተብሎ ተጠርጥሮ ነበር። በግንቦት ወር ካላዛር የሚባል ሌላ በሽታ መሆኑ ታወቀ። ድንበር የለሽ ሐኪሞች አዲስ ዘመን ከተማ ላይ ማከሚያ ከፈቱ። ከታመሙት ውስጥ ብዙ ልጆች ነበሩ።

የካላዛርን ሕክምና ያነሣሁት በምክንያት ነው። ለዓመታት የተለመደው ሕክምና ሁለት መድኃኒት በየቀኑ ለ17 ቀን በመርፌ መስጠት ነው። ቁጠሩት፤ በአንድ ትንሽ ሰውነት ላይ 34 መርፌ። ኢትዮጵያን ጨምሮ በአራት የምሥራቅ አፍሪካ አገሮች በተደረገ ጥናት ከሁለቱ አንዱን በሚዋጥ መድኃኒት መተካትና ሕክምናውን ወደ 14 ቀን ማሳጠር እንደሚቻል ታይቷል፤ እሰየው ነው። ግን መርፌው ያንሳል እንጂ አይቀርም።

ሠላሳ አራቱም መርፌ አንድ ዓይነት አይደለም። ልጁን አጋድሞ፣ አራት ሆኖ ጨፍልቆ መውጋት አለ፤ እናቱ ጭን ላይ ቀና ብሎ ተቀምጦ፣ ታቅፎ መወጋትም አለ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2015 ስለ ክትባት ሕመም ባወጣው ምክር እናት አጠገብ ትሁን፣ ትቀፈው፣ የሚጠባውም ይጥባ ብሏል። «አያምም» ብሎ መዋሸትም አይገባም፤ ልጁ ነገ አያምናችሁም፣ መርፌው ደግሞ ነገም አለ። የሚወጋበት ክፍል ካለ አልጋው ላይ አትውጉት፤ አልጋው ማረፊያው ይሁን። ሰፈር ውስጥ «ዝም በል፣ ነርሷን ጠርቼ አስወጋሃለሁ!» እየተባለ ያደገ ልጅ ነው የሚመጣላችሁ፤ ስማችን ቀድሞን ገብቷል።

ጤና ሚኒስቴር «ሩኅሩኅ፣ አክባሪና ተንከባካቢ» ባለሙያ የሚለውን ከለውጥ አጀንዳዎቹ አንዱ ካደረገው ዓመታት አልፈዋል። ፖስተሩ በየግድግዳው አለ። አንዲት ነርስ ሌሊቱን ሙሉ ዋርዱን ለብቻዋ ይዛ ስታድር ያንን ፖስተር በምን ስሜት እንደምታነበው አውቃለሁ። ጓንት አልቆ፣ ደመወዝ ዘግይቶ፣ መንገድ ተዘግቶ ሪፈር የተጻፈለት ልጅ እዚያው ሲያድርባት ርኅራኄ አነሰሽ አልላትም። ስለዚህ ከናንተ የምለምነው የማያደክም ነገር ነው፤ እንዲያውም ሥራ ያቀላል። ራውንድ ሲጀመር እናቲቱ ትቆይ። ስትናገር ካርዱ ላይ ጻፉት፤ «እናት እንዲህ ትላለች» ብላችሁ፣ በራሷ ቃል።

ሻንት ያለበት፣ የሚጥል በሽታ ያለበት፣ በአፍንጫው ቱቦ የሚመገብ፣ ልቡ የታመመ ልጅ ከእኛ ጋር ሁለት ሳምንት ቢተኛ የቀረውን ዓመት የሚኖረው ቤቱ ነው። እዚያ ነርሱ እሷ ናት። ቱቦው መሆን ባለበት ቦታ መኖሩን ማረጋገጥ፣ መድኃኒቱን በመርፌ የለሽ ሲሪንጅ መለካት፣ ምን ሲታይ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል መነሣት እንዳለባት ማወቅ፤ ይህን ሁሉ ከመውጣቷ በፊት በእጇ አድርጋ፣ በአፏም ተናግራ ታሳየን። «ገባሽ?» ስንላት «አዎ» ትላለች፤ ለነጭ ጋዋን «አልገባኝም» የሚል ማን አለ?

በፕሮግራሙ ላይ የመጀመሪያው ሰዓት የኔ ነበር፤ አዘጋጆቹን አስፈቅጄ ለውጬዋለሁ። ከኋላ የተቀመጡት ሦስት እናቶች እንዲህ ያሉ ልጆችን እያስታመሙ ያሳደጉ ናቸው። እባካችሁ ፊት ለፊት ያሉትን ወንበሮች ልቀቁላቸው። እናንተም ደብተር አውጡ። ሥልጠናው ተከፍቷል፤ እማማ፣ እርስዎ ይጀምሩልን።