«እሺ፣ እልካለሁ»፦ ጽሑፍ ስለማሰባሰብ
(በቀድሞ ተማሪዎች የመገናኛ ቀን ከቀረበ ንግግር)



ጠዋት በሩ ላይ ስንመዘገብ «የተመረቁበት ተቋም» የሚል ክፍት ቦታ ነበር። ከፊቴ ተሰልፈው የነበሩት ጋሼ «ናዝሬት ቴክኒክ ኮሌጅ» ብለው ሞሉ። እኔ «አዳማ ዩኒቨርሲቲ» አልኩ። ከኋላዬ የነበረችው ወጣት «አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ» ብላ ጻፈች። መዝጋቢው ልጅ ግራ ገብቶት «ከሦስት ግቢ ነው እንዴ የመጣችሁት?» አለን። ግቢውማ አንድ ነው። በ1993 እ.ኤ.አ. በኮሌጅነት የተከፈተው፣ ቀጥሎ የቴክኒክ መምህራን ማሠልጠኛ ሆኖ የቆየው፣ በ2006 ዩኒቨርሲቲ የተባለው፣ በ2011 ደግሞ የዛሬውን ስሙን ያገኘው ያው ግቢ ነው። ነፋሱም ያው ነው፤ ወረቀቴን ሁለት ጊዜ ወስዶብኛል።

አዘጋጆቹ «ቴክኖሎጂና የማኅበረሰብ አገልግሎት» በሚል ርእስ ተናገር ብለውኝ ነበር። ርእሱ ሰፋብኝ። እኔ በእጄ ሠርቼ የማውቀው አንድ ነገር ነው፦ ከሰው ጽሑፍ መለመን። ስለዚህ ስለ እሱ ልናገር።

በ2004 ዓ.ም. አምስት ሆነን አንድ ትንሽ ዜና መጽሔት ጀመርን። ከቢሾፍቱ እስከ ሻሸመኔ ባሉት ከተሞች ኦፕን ሶርስ ሶፍትዌር የሚጠቀሙ ሰዎች እንዳሉ እናውቅ ነበር። አንዱ ሞጆ ኢንተርኔት ቤቱን በኡቡንቱ ያንቀሳቅሳል፣ አንዷ ባቱ ኮሌጅ ውስጥ ቤተ መጻሕፍት ታስተዳድራለች፣ ሌላው መቂ ላይ የሰው ላፕቶፕ ከቫይረስ ያጸዳል። እርስ በርስ ግን አይተዋወቁም። አንዱ ሦስት ቀን ታግሎ የፈታውን ችግር፣ ሌላው ሰባ ኪሎ ሜትር ርቆ እንደገና ሦስት ቀን ይታገለዋል። የፈታችሁትን ጻፉልን፣ እኛ ሰብስበን እናዳርሳለን አልን። በየሦስት ወሩ ስምንት ገጽ፣ ፎቶ ኮፒ። በአራት ዓመት ውስጥ አሥራ ስድስት እትም መውጣት ነበረበት። የወጣው አሥራ አራት ነው። ሁለቱ ያልወጡት ገንዘብ ጠፍቶ አይደለም፤ ጽሑፍ ስላልመጣ ነው።

«እሺ» የምትለውን ቃል ታውቋታላችሁ። «እሺ፣ እልካለሁ» ያለኝን ሰው ሁሉ ብቆጥር ስምንት ገጹ ቀርቶ ወፍራም መጽሐፍ ይወጣው ነበር። መጀመሪያ ላይ ሰዉ ሰነፍ መሰለኝና ተናደድኩ። በኋላ ነው የገባኝ፤ ሰው ያልጻፈው የሚጽፈው ነገር ያለው ስላልመሰለው ነው። «እኔ እኮ ምንም የተለየ ነገር አልሠራሁም» ይላል። እንዲህ የሚለው ሰው ደግሞ፣ አብራችሁ ሻይ ስትጠጡ፣ መብራት በሄደ ቁጥር ዳታው እንዳይበላሽ ምን እንዳደረገ ሲያጫውት ሁለት ሰዓት ያልፋል። እኔም ዘዴዬን ቀየርኩ። «ጽሑፍ ላክ» ማለቱን ትቼ «ባለፈው ሳምንት ምን አስቸገረህ?» ማለት ጀመርኩ። መልሱን ደብተሬ ላይ እጽፋለሁ፣ አስተካክዬ እሰጠዋለሁ፣ እሱ ደግሞ «ኧረ እንደዚህ አይደለም» እያለ ያርመዋል። እያረመ ሳያስበው ጸሐፊ ይሆናል። ከምርጦቹ ጽሑፎቻችን ብዙዎቹ እንዲህ ነው የመጡት።

ጽሑፉ ከተጻፈ በኋላ ደግሞ መድረስ አለበት። ኢንተርኔቱ እንደምታስታውሱት ነበር፤ አንድ ፎቶ ያለው ፋይል እስኪሄድ ቡና ተፈልቶ ሦስተኛው ይጠጣል። ስለዚህ ፍላሽ በፖስታ ታሽጎ፣ ስሜና ስልኬ ተጽፎበት፣ ለአባዱላ ረዳት ይሰጣል። መናኸሪያ ሄጄ እቀበላለሁ። አንድም ፍላሽ አልጠፋም፤ የዚያን መስመር ረዳቶች እዚህ ባመሰግናቸው ደስ ይለኛል።

ፍላሹን ስከፍተው ደግሞ ሌላ ጣጣ። ፊደላችን በዩኒኮድ ውስጥ ቦታ ያገኘው በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው 3.0 እትም ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩት የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች የእኛን ፊደል በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ፣ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው አደራደር ነበር ያስቀመጡት። ዩኒኮድ ከመጣ ከአሥር ዓመት በኋላም የሚላክልኝ ጽሑፍ ግማሹ በአሮጌው ቪዥዋል ግዕዝ የተጻፈ ነበር። የእኔ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ድመት ኪቦርድ ላይ የተራመደች ይመስላል። ቃል በቃል እንደገና የጻፍኩበት ሌሊት ብዙ ነው። ለዚህ ነው ከሦስተኛው እትም ጀምሮ አቢሲኒካ የተባለውን ነጻ የፊደል ቅርጽ በየፍላሹ እየጫንኩ መልሼ መላክ የጀመርኩት።

የኦሮምኛው ጽሑፍ ችግር ሌላ ነው። በቁቤ ስለሆነ የፊደል ጣጣ የለበትም፤ ግን ኮምፒውተሩ እንግሊዝኛ መስሎት ሳይጠየቅ ያርመዋል። በኦሮምኛ የአናባቢ መርዘም ትርጉም ይለውጣል፤ «መሬት» የሚለው ቃል አናባቢዎቹ ሲረዝሙ «ለስላሳ» ይሆናል። የእኔ ኦሮምኛ የገበያ ኦሮምኛ ነው። ስለዚህ ከመጀመሪያው እትም ጀምሮ አፉን በኦሮምኛ የፈታ ሰው ሳያየው አንድም ገጽ ወደ ፎቶ ኮፒ አይሄድም ነበር። በዚህ እኮራ ነበር።

አሁን ወደማልኮራበት ልምጣ።

ከመካከላችሁ ቤተ መጻሕፍት የምትሠሩ ኮሃን ታውቁታላችሁ። ኒውዚላንድ ውስጥ ሆሮዌኑዋ የተባለ የቤተ መጻሕፍት ድርጅት የድሮ ሲስተሙ የ2000 እ.ኤ.አ. መግቢያን እንደማይሻገር ሲያውቅ አዲስ አሠራ፤ በጥር 2000 እ.ኤ.አ. ሥራ ጀመረ፤ ኮዱንም ለማንም ክፍት አደረገው። ኮሃ በማኦሪ ቋንቋ ስጦታ ማለት ነው፤ እንግዳ ይዞ የሚመጣው ዓይነት። እኛ ጋ «ባዶ እጅ አይኬድም» እንደሚባለው መሆኑ ነው። የኮሃ ማኅበረሰብም ተጠቃሚዎች በሚልኩት ጽሑፍ የሚሞላ ዜና መጽሔት አለው፤ የእኛ ሐሳብ ከዚያም የተቀዳ ነበር። በአገራችንም ኮሃን የሚጠቀሙ የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት አሉ።

አንዲት የክፍል ጓደኛዬ ስለ ኮሃ ባክአፕ ጻፈችልን። ስሜን እንዳትጠራ ብላኛለች፤ እዚህ አዳራሽ ውስጥ አለች፤ አልጠራም። ሁለት ገጽ የጠራ ጽሑፍ ነው። ካታሎጉን ከአንድ ኮምፒውተር ወደ ሌላ ስናዛውር ባክአፑን እንዴት እንደምናስቀምጥ፣ ያለፈውን ዓመት እንዴት እንደምናጠፋ፣ አዲሱን እንዴት እንደምንመልስ ታሳያለች። የማጥፊያው ትእዛዝ ውስጥ አንዲት የኮከብ ምልክት ነበረች፤ ከኮከቧ ጋር ተጣብቆ 2011 የሚል ቁጥር። ትርጉሙ «መጀመሪያው ምንም ይሁን፣ መጨረሻው 2011 የሆነውን ፋይል አጥፋ» ነው።

በዚያ እትም ላይ ሌሎች ጸሐፊዎች ዝርዝር ሲያወጡ ኮከብ ተጠቅመው ነበር፤ አንዳንዱ ከኮከቡ በኋላ ክፍት ቦታ ይተዋል፣ አንዳንዱ ያጣብቃል። ዐይኔን ቆረቆረኝ። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ነው፣ ጠዋት ፎቶ ኮፒ ቤት መድረስ አለብኝ። ኮምፒውተሩን «ኮከብ ያለበት ሁሉ ክፍት ቦታ ጨምርበት» አልኩት። በአንድ ጊዜ ስምንቱም ገጽ ተስተካከለ። አማረ።

የእሷም ኮከብ ከ2011 ተለየች። ኮከቧ ብቻዋን ስትቆም ደግሞ «ሁሉንም» ማለት ነው።

ከአንድ ወር በኋላ ስልክ ተደወለልኝ። በመንገዳችን ላይ ባለች ከተማ አንድ ትንሽ ቤተ መጻሕፍት የሚይዙ አረጋዊ ናቸው። ኮምፒውተራቸውን አዲስ ሊጭኑበት አጥፍተውታል። ካታሎጉ የቀረው በውጭ ዲስክ ላይ በነበረው ባክአፕ ብቻ ነው። መጽሔታችንን ከፊታቸው ዘርግተው፣ እያንዳንዷን ፊደል በጣታቸው እየተከተሉ ጻፉ። አልጮኹብኝም። «ልጄ፣ ያቺ ልጅ እንዳለችው ነው ያደረግኩት። ምን አጠፋሁ?» አሉኝ።

ያቺ ልጅ እንዳለችው። ከጽሑፉ ራስ ላይ ያለው ስም የእሷ እንጂ የእኔ አይደለም።

መጀመሪያ ምን እንዳደረግኩ ልንገራችሁ። በቀጣዩ እትም የመጨረሻ ገጽ ላይ፣ ከታች፣ በትንሽ ፊደል «በቴክኒክ ችግር ምክንያት» የሚል ሁለት መስመር እርማት አዘጋጀሁ። ከመታተሙ በፊት አነበብኩላት። ዝም አለች። ከዚያ «ቴክኒክ የሚባል ሰው አላውቅም። ያደረግከው አንተ ነህ። እኔን ባቱ ላይ ሰው አላዋቂ ብሎኛል» አለችኝና ዘጋችው።

እርማቱ በመጀመሪያው ገጽ ወጣ፣ ትልቁ ርእስ ሆኖ፣ በስሜ። ትእዛዙ እንዴት እንደነበር፣ እኔ ምን እንደጨመርኩበት፣ ምን እንደተከተለ ጻፍኩ። ከአምስታችን አንዱ «መጽሔቱን ገደልከው፣ ማን ያምነናል?» ብሎ ተቆጣ። ምናልባት ልክ ነበር፤ የሚቀጥለው እትም ካልወጡት ሁለቱ አንዱ ነው።

አረጋዊው የድሮዎቹን የካታሎግ ካርዶች እጥላለሁ ሲሉ ሲሉ ሳይጥሏቸው ቀርተው ነበር። «ስንፍናዬ አዳነኝ» ይላሉ። እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ በአባዱላ እየሄድኩ ካርዱን እያየሁ እንደገና መጻፍ ጀመርኩ። ከካርድ የማይገኘው በዚያ ክረምት የገባው አዲስ መጽሐፍ ነበር፤ እሱን ከመደርደሪያ አንድ በአንድ እያወረድን ነው የመዘገብነው። በሦስተኛው ቅዳሜ ስደርስ እሷ ቀድማኝ ተቀምጣ አገኘኋት። ሰላም አለችኝ፤ ስለ ሌላው ምንም አላለች። ቀና ሳትል ትጽፋለች። ስምንት ቅዳሜ ፈጀብን። ምሳችንን አረጋዊው ናቸው የሚያበሉን፤ እምቢ ብንል «ቤቴ መጥታችሁ?» ይላሉ።

ለእኛ መጽሔት ግን አንድ ዓመት ከመንፈቅ አልጻፈችም። እኔም አልጠየቅኳት። በምን አፌ?

በኋላ ራሷ ናት የደወለችው። ጽሑፍ ልትልክ አይደለም። «ከመታተሙ በፊት ትእዛዝ ያለበትን ገጽ ሁሉ እኔ ጋ ላክ። በአሮጌው ኮምፒውተሬ ላይ፣ ከወረቀቱ ላይ እያየሁ እሞክረዋለሁ» አለች። ከወረቀቱ ላይ፤ ከፋይሉ አይደለም። ምክንያቱም አንባቢው የሚያየው ወረቀቱን ነው። ጸሐፊው የላከው ትክክል ሊሆን ይችላል፤ በእኛ እጅ ካለፈ በኋላ የቀረው ምን እንደሆነ የሚታየው እዚያ ነው። ለኦሮምኛው ይህን ያህል የተጠነቀቅኩት ሰውዬ፣ ኮማንድም የራሱ ሰዋስው እንዳለው አልታየኝም ነበር። አንዲት ክፍት ቦታ እንደ አንድ አናባቢ ናት።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ነገር አደረግን። ትእዛዝ ያለበት ገጽ በእሷ ኮምፒውተር ያልፋል። ማንኛውም ጸሐፊ ደግሞ የታረመውን ገጹን መጨረሻ ላይ፣ ሊታተም በተዘጋጀበት መልኩ፣ አይቶ «ይሁን» ካላለ አይታተምም። ይህ ያዘገያል። አንዱ ጸሐፊ ሻሸመኔ ስልኩን ዘግቶ ሠርግ ይሄዳል፤ ስምንቱ ገጽ ሳምንት ይጠብቀዋል። ይጠብቀዋ! ስሙ ነው የሚወጣው።

ከ2008 ዓ.ም. በኋላ ሥራውን ለወጣቶች አስረክቤ እኔ አልፎ አልፎ የምጽፍ ሆኛለሁ። አሁን ፍላሽ በረዳት አይላክም፤ በቴሌግራም ነው። «እሺ፣ እልካለሁ» ግን አልተለወጠችም።

መምህሮቻችን ካሉበት አንድ ነገር ልለምን። በየዓመቱ የሚመረቁ ልጆች የሚሠሩት የመመረቂያ ፕሮጀክት በጠንካራ ሽፋን ተጠርዞ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። ከእሱ ውስጥ አንዱ ምዕራፍ እንኳ፣ «ይሄ አስቸገረኝ፣ እንዲህ ፈታሁት» በሚል፣ በሁለት ገጽ ቢጻፍ አርሲ ነገሌ ያለ ሰው ይጠቀምበታል። ልጆቹን «ጽሑፍ አምጡ» አትበሏቸው፤ እሺ ይሏችኋል። ምን እንዳስቸገራቸው ጠይቋቸው።

የሚቀጥለው እትም ሁለት ገጽ ይጎድለዋል። ወጣቶቹ በሻይ ሰዓት ከአዳራሹ በስተኋላ፣ በመስኮቱ በኩል ናቸው። ኮማንድ የምትፈትሸውም እዚያው ናት፤ ስሟን ግን ራሷ ትንገራችሁ።