ከዋሽንት ወደ ኖታ፤ የዶክተር አሸናፊ ከበደ ሕይወትና ሥራ

(ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር)



ስለ አንድ የሲምፎኒ ሙዚቃ ደራሲ በአዲስ ከተማ፣ ያውም ከመርካቶ ጫጫታ አጠገብ መናገር ያለ ቦታው የሆነ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን የክራር ጅማት በናይሎን ክር፣ የእንጨት ገበቴውም በብረት ሳህን ሲተካ፣ ክሩም ሳህኑም የሚገኙት በዚሁ ገበያ ነው። ዋሽንትም ቢሆን ከሸምበቆ ወደ ብረትና ወደ ፕላስቲክ ቧንቧ ተሸጋግሯል፤ ዜማው ግን አልጠፋም። የዶክተር አሸናፊ ከበደ ሥራ የሚያነሣው ጥያቄ ከዚህ አንድ ርምጃ ያልፋል፤ ይኸውም ዜማው ራሱ ከአንድ እረኛ እስትንፋስ ወደ ወረቀት፣ ከወረቀትም ወደ ብዙ ተጫዋቾች ሲሻገር ምን ይተርፋል፣ ምንስ ይቀራል የሚለው ነው።

አሸናፊ ከበደ በ1938 አዲስ አበባ ውስጥ ተወለዱ (በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ወቅቱ የወረራ ዘመን ነበር፤ የከተማው ገበያ ከአራዳ ጊዮርጊስ ተነሥቶ ዛሬ መርካቶ ወደምንለው ሥፍራ የተዛወረውም በነዚያው ዓመታት ነው። በአሜሪካ፣ ሮቸስተር በሚገኘው በኢስትማን የሙዚቃ ትምህርት ቤት ተምረው በ1962 ከተመረቁ በኋላ ወደ አገራቸው ተመልሰው በ1963 የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት መሥራችና የመጀመሪያ ዲሬክተር ሆኑ። ዕድሜያቸው ገና 25 ነበር። በዚሁ ሥራ እስከ 1968 ቆይተዋል።

ትምህርት ቤቱ የቅዱስ ያሬድን ስም መያዙ ለጌጥ ያህል ብቻ አይደለም። ኢትዮጵያ ዜማን በጽሑፍ ማስፈርን ከአውሮፓ አልተማረችም። ሊቃውንቱ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ በተባሉት ስልቶች የሚዜመውን ከቃሉ በላይ በሚጻፍ ምልክት ያመለክታሉ። ይሁን እንጂ ምልክቱ ዜማውን አስቀድሞ ከመምህሩ አፍ ለሰማ ደቀ መዝሙር ማስታወሻ ነው። የአውሮፓው ኖታ ግን ዜማውን ከቶ ሰምቶት የማያውቅ ሰው እንዲጫወተው ታስቦ የተዘጋጀ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ሰፊ ነው፤ የዘመኑ የሙዚቃ ደራሲም የቆመው በዚህ ክፍተት ላይ ነበር።

ችግሩ ከቅኝት ይጀምራል። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ በአምስት አምስት ድምፅ የቆሙ ናቸው። ፒያኖ አንዱን ስምንተኛ ድምፅ በ12 እኩል ክፍል ሲከፍለው፣ ክራር መቺው ግን ጅማቱን የሚወጥረው በጆሮውና በዘፋኙ ጉሮሮ ልክ ነው። ዋሽንት ነፊውም በአራት ቀዳዳ ብቻ እየተጫወተ፣ በከንፈሩና በጣቱ ድምፁን ያዘነብለዋል። ይህን ሁሉ በአምስት መስመር ላይ ማስፈር የሚቻለው ጥቂቱን በመሠዋት ነው። መሥዋዕቱ ዋጋ የለውም የሚሉ አሉ፤ ፍርዱ ግን ችኩል ይመስላል። ያልተጻፈ ዜማ ነፊው ሲሞት አብሮት ሊሞት ይችላልና።

በ1967 አሸናፊ የሃንጋሪን የመንግሥት ኦርኬስትራ መሩ። «እረኛው ባለ ዋሽንት» የተባለው ሥራቸው የዚህ ዘመን ነው። «ኮቱሬዥያ» የተሰኘውንም ለፍሉት፣ ለክላሪኔት፣ ለቫዮሊንና ለጃፓኑ ኮቶ ደረሱ። ምርጫው እንግዳ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን 13 ጅማት ያለው ኮቶ እንደ ክራር በአምስት ድምፅ ቅኝት የሚወጠር መሣሪያ ነው፤ ለኢትዮጵያዊ ጆሮ ከቫዮሊኑ ይልቅ እርሱ ዘመድ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከዚህ በኋላ ደራሲው ወደ ምርምር አዘነበሉ። በዌስሊያን ዩኒቨርሲቲ በ1969 የማስተርስ፣ በ1971 የዶክትሬት ዲግሪ ተቀበሉ፤ የዶክትሬት ጽሑፋቸውም ስለ ኢትዮጵያ ሙዚቃ እድገትና ባህላዊ መሠረት ነው። በ1975 ስለ አዝማሪ፣ በ1977 ስለ ክራር የጻፏቸው ጥናቶች በውጭ አገር መጽሔቶች ታተሙ። የኋለኛው ጥናት በርእሱ ክራርን «የሰይጣን መሣሪያ» ይለዋል፤ በገና የዳዊት ተብሎ ሲከበር ክራር በጠላ ቤትና በመሸታ ቤት ስሙ መጉደፉን የሚያስታውስ ነው። በኒው ዮርክ ኩዊንስ ኮሌጅ፣ በብራንዳይስ፣ ከ1980 ጀምሮም በፍሎሪዳ ስቴት ዩኒቨርሲቲ አስተማሩ። ስለ ጥቁር ሕዝቦች ሙዚቃ መሠረት የጻፉት መጽሐፍ በ1982 ወጣ። በ1998 እዚያው በታላሃሲ ከተማ ዐረፉ።

የምርምር ጽሑፍ ቤተ መጻሕፍት ይበቃዋል። ሲምፎኒ ግን ከዚህ የበለጠ ይጠይቃል። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ የመርካቶ ሙዚቃ ቤቶች የአንድ ዘፋኝ ድምፅ በካሴት አባዝተው፣ ከአውቶቡስ ተራ በሚነሣ መኪና ወደ ክፍለ ሀገር እንዲዳረስ ማድረግ ይችሉ ነበር። ሻጩ ኖታ ማንበብ አያሻውም፤ ገዢውም እንዲሁ። ለኦርኬስትራ የተደረሰ ሥራ ግን በዚህ መንገድ አይጓዝም። ለእያንዳንዱ ተጫዋች ክፍሉ ተለይቶ መገልበጥ አለበት፤ ልምምድ ያስፈልጋል፤ አዳራሽና መሪ ያሻዋል። በዚያ ላይ ተጫዋቹ የተጻፈውን የሚያነብ ዐይንና ወረቀቱ ያልያዘውን የአምባሰል ዝንባሌ የሚያውቅ ጆሮ፣ ሁለቱንም በአንድነት ይዞ ሊመጣ ይገባል። የመጀመሪያውን በትምህርት ቤት ያገኘዋል። ሁለተኛውን የሚያገኘው ዋሽንቱ ሲነፋ፣ ክራሩም ሲመታ አጠገባቸው ተቀምጦ ነው።