አሮጌ የጋዝ ማቀዝቀዣ ሲለወጥ ስለሚደረግ ጥንቃቄ



ከእናንተ ጋር ስለ ሽንት ቤት፤ ስለ ዝንብና ስለ ውሃ ማፍላት ብዙ ጊዜ ተነጋግረናል። የዛሬው ንግግራችን ደግሞ በሲሊንደር ጋዝ ስለሚሠራ አሮጌ ማቀዝቀዣ ነው። «ይህማ የከተማ ሰው ዕቃ ነው፤ ለእኛ ምናችን ነው?» የምትሉ ትኖሩ ይሆናል። ነገር ግን የመብራት መሥመር ባልደረሰበት ቦታ ሻይ ቤት ያላት ወይም ወተት የምታሳድር እናት እንዲህ ያለውን ዕቃ ከከተማ አሮጌውን ገዝታ ልታመጣ ትችላለች። መብራት ሲገባ ወይም የፀሐይ ኃይል ሲገኝ ደግሞ አውጥታ በሌላ ትለውጠዋለች። ብዙው አደጋ የሚመጣው ዕቃው ሲያረጅና በሚለወጥበት ቀን ነው።

በመጀመሪያ አሠራሩን እንወቅ። ይህን ዓይነት ማቀዝቀዣ በ1922 እ.ኤ.አ. የፈለሰፉት ባልትሳር ፎን ፕላተንና ካርል ሙንተርስ የሚባሉ ሁለት የስዊድን ተማሪዎች ናቸው። ሞተር የለውም። ከበስተኋላው ትንሽ እሳት ይነዳል፤ በተዘጋ የብረት ቧንቧ ውስጥም አሞኒያ፤ ውሃና ሃይድሮጂን ይገኛሉ። እሳቱ ሲያሞቀው አሞኒያው ከውሃው ተለይቶ ወደ ላይ ይወጣል፤ እዚያም ሙቀቱን ጥሎ ፈሳሽ ይሆናል። ይህ ፈሳሽ እንደገና በሚተንበት ጊዜ ከምግቡ ሙቀት ይወስዳል። እርጥብ ልብስ የለበሰ ሰው ነፋስ ሲመታው እንደሚበርደው ማለት ነው። እንግዲህ ማቀዝቀዣው ከፊቱ ቢበርድም ከኋላው ምድጃ ነው። በአሜሪካና በአውሮፓ ሰዎች መኝታና ማድቤት አበጅተው በሚጓዙባቸው መኪናዎች ውስጥም ይኸው ዓይነት አለ። እዚያም ሆነ እዚህ ደንቡ አንድ ነው፤ ለእሳቱ አየር ከውጭ መግባት፤ ጭሱም ወደ ውጭ መውጣት አለበት።

አንድ ጊዜ ለጉብኝት ወደ አንድ ሻይ ቤት ገባን። ባለቤቷ እናት ከልጆቻቸው ጋር ከማቀዝቀዣው አጠገብ ይተኛሉ። «ጧት ጧት ሁላችንንም ራሳችንን ይፈልጠናል፤ ልጆቹንም ያጥወለውላቸዋል፤ ደጅ ስንወጣ ግን ይተወናል። ምች ሳይሆን አይቀርም» አሉን። ከኋላው ብናይ ነበልባሉ ቢጫ ሆኗል፤ ግድግዳው በጥላሸት ጠቁሯል፤ ጭስ ማውጫውም ብርድ እንዳይገባ ተብሎ በጨርቅ ተወትፏል። ምች አልነበረም። ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው መርዝ ነበር።

ይህ መርዝ ሽታ የለውም፤ ቀለምም የለውም። ኦክሲጅን በደማችን ውስጥ የሚይዘውን ቦታ ይነጥቃል፤ ከደም ጋር የሚጣበቅበትም ኃይል ከኦክሲጅን ከ200 ጊዜ በላይ ይበልጣል። በተዘጋ ቤት ውስጥ ከሰል አንድደው የተኙትን ሰዎች የሚገድለው ይኸው ነው። በተለይ ለሕፃናትና ለነፍሰ ጡር እናት፤ በሆዷም ላለው ፅንስ በጣም ይከፋል። ስለዚህ የቤቱ ሰው ሁሉ ባንድ ጊዜ ራሱን ካመመው፤ ካዞረው ወይም ካጥወለወለው፤ ደጅ ሲወጣም ከተሻለው፤ እሳቱን ጠርጥሩ። ፈጥናችሁ ሁሉንም ሰው ወደ ውጭ አውጡ፤ በርና መስኮት ክፈቱ፤ ጋዙን ዝጉ፤ ቢሻላችሁም እንኳ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ደህና ነበልባል ሰማያዊ ነው። ቢጫ ከሆነና ጥላሸት ካወጣ አጥፉት፤ ባለሙያ ሳያየውም መልሳችሁ አታቀጣጥሉት።

አሁን ወደ መለወጡ ሥራ እንምጣ። በቅድሚያ ምድጃውንም፤ ኩራዙንም፤ ሲጋራውንም አጥፉ፤ ልጆቹንም ከቤት አውጡ። ቀጥሎ የሲሊንደሩን መዝጊያ እስከ መጨረሻው አጥብቃችሁ ዝጉ፤ ጎማው የሚፈታው ከዚያ በኋላ ነው። የሲሊንደር ጋዝ ከአየር ይከብዳልና እንደ ውሃ ወደ መሬት ወርዶ በጥግና በጉድጓድ ይተኛል። መስኮት መክፈት ብቻ ስለማይበቃ በሩን ወለል አድርጋችሁ ክፈቱ። ጋዝ ከሸተታችሁ ክብሪት አትጫሩ፤ የመብራት ማብሪያም አትንኩ። የተፈታው የጋዝ መሥመር በጨርቅ ወይም በእንጨት አይወተፍም፤ ተጠምዝዞ የሚጠብቅ የብረት ክዳን ይገጠምለት። ይህን ሁሉ የሚሠራው ጋዝ የሚያውቅ ባለሙያ ቢሆን ይሻላል፤ የእናንተ ድርሻ ግን ሥራው በደንብ መሠራቱን ቆማችሁ ማየት ነው።

አዲሱም በጋዝ የሚሠራ ከሆነ አሮጌውን ጎማ መልሳችሁ አትጠቀሙበት። ሁሉም ከተገጠመ በኋላ በእያንዳንዱ መጋጠሚያ ላይ የሳሙና አረፋ ቀቡ። አረፋው እያበጠ ከመጣ ጋዝ ያፈሳል ማለት ነው። በክብሪት መፈተን ግን ሞትን መጥራት ነው! ማቀዝቀዣው ወዲህና ወዲያ እንዳያዘነብል በተስተካከለ መሬት ላይ ይቁም፤ ካዘነበለ በቧንቧው ውስጥ ያለው ፈሳሽ በደንብ አይዘዋወርም። ሲሊንደሩ ከቤት ውጭ፤ ከፀሐይ በተከለለ ቦታ ቀጥ ብሎ ይቀመጥ።

አዲሱ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ከሆነ ሽቦው በምንጣፍ ሥር አይለፍ። ዕቃው በጎኑ ተኝቶ ከመጣ ከመሰካቱ በፊት ጥቂት ሰዓት ቀጥ ብሎ ይቁም። «እንግዲህ የጋዝ እሳት የለም» ብላችሁም የአየር ማስገቢያውን ቀዳዳ ሁሉ አትድፈኑ። በዚያው ክፍል ከሰል ወይም ምድጃ ካለ አየሩ አሁንም ያስፈልጋልና።

ታዲያ አሮጌው የት ይጣል? እዚህ ላይ በጣም አደራ እንላለን። ቧንቧውን ለብረቱ ብላችሁ አትቁረጡ፤ አትውቀጡ። በውስጡ ያለው አሞኒያ ዓይንና ሳንባ ያቃጥላል፤ ሃይድሮጂኑም በእሳት ይያያዛል። ብረቱን ከዝገት ለመጠበቅ የሚጨመረው ቢጫ ንጥረ ነገርም መርዝ ስለሆነ በምንጭና በጉድጓድ ውሃ አጠገብ መፍሰስ የለበትም። እንደ ከረመ ሽንት ያለ ኃይለኛ ሽታ ከሸተታችሁ ወይም ከበስተኋላው ቢጫ ዱቄት ካያችሁ በእጃችሁ አትንኩት፤ እሳቱን አጥፍታችሁ ውጡ። ዓይን ውስጥ ከገባ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በንጹሕ ውሃ እያጠባችሁ ሐኪም ዘንድ ሂዱ።

ከሁሉ የሚያሳዝነው ግን የልጆች አደጋ ነው። አሮጌ ማቀዝቀዣ በጓሮ ሲጣል ለልጆች መልካም መደበቂያ ይመስላቸዋል። ኩኩሉ ሲጫወቱ ይገቡበታል፤ በሩ ይከረቸማል፤ ከውስጥ አይከፈትም፤ ጩኸታቸውም ወደ ውጭ አይሰማም። በአሜሪካ አገር ሕፃናት በዚህ ዓይነት እየታፈኑ ስለሞቱ በ1956 እ.ኤ.አ. የቤት ማቀዝቀዣ በር ከውስጥ እንዲከፈት የሚያዝ ሕግ ወጣ። በጓሯችሁ ለወደቀው አሮጌ ሳጥን ግን ሕጉ እናንተ ናችሁ። ከቤት በወጣበት ሰዓት፤ ሳይመሽ፤ በሩን ከማጠፊያው ነቅላችሁ ለብቻው አስቀምጡ። «ነገ እንነቅለዋለን» አትበሉ።

በመጨረሻ ስለ ምግቡ እንናገር። ማቀዝቀዣ መራባቱን ያዘገያል እንጂ ጀርምን አይገድልም። በሚለወጥበት ቀን ወተትና የበሰለ ምግብ ከ2 ሰዓት በላይ ደጅ አይቆይ። ስለዚህ አስቀድማችሁ በልታችሁ ጨርሱት። አዲሱን በሳሙናና በንጹሕ ውሃ አጥባችሁ አድርቁት፤ ቅዝቃዜው 4 ዲግሪ ወይም ከዚያ በታች መሆኑን ካያችሁ በኋላ ምግብ አስገቡ። ጥሬ ሥጋ ደሙ በሌላው ላይ እንዳይንጠባጠብ በዕቃ ተከድኖ ከታች ይቀመጥ።

እናቶች ሆይ፤ ወደዚያች ሻይ ቤት ሁለተኛ ስንሄድ እሳቱ ጠፍቷል፤ ልጆቹም የሚተኙት በሌላ ክፍል ነው። ራስ ምታቱን ብንጠይቅ «የለም፤ ለቀቀን» አሉን። አሮጌው ማቀዝቀዣ በደጅ ቆሞ ነበር። በሩ ግን እንዳለ ነበር። ወዲያው ጉጠት አስመጥተን አብረን ነቀልነው። እናንተም ዛሬ ወደ ቤታችሁ ስትገቡ ሦስት ነገር ተመልከቱ፤ የነበልባሉን ቀለም፤ የጭስ ማውጫውን ቀዳዳና በጓሮ የወደቀውን ሳጥን በር።