ከጥይት የባሰው ጠላት
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን የጤና ክበብ ተማሪዎች ያደረጉት ንግግር)



ለዛሬው በዓል ከየክበቡ አንድ ንግግር እንዲቀርብ በታዘዘ ጊዜ እኛ የጤና ክበብ አባሎች «ስለ ጦርነት እንናገራለን» ብንል ብዙዎች ሳቁብን። «ጦርነት የታሪክ ክበብ ድርሻ አይደለምን?» ተባልን። ይሁን እንጂ በ19ኛው መቶ ዓመት የተደረጉትን ጦርነቶች መርምሮ ያየ ሰው፥ ከመድፍና ከጠመንጃ ይልቅ ወታደሩን የፈጀው ተላላፊ በሽታ መሆኑን ሊክድ አይችልም። ስለዚህ ነገሩ የእኛም ድርሻ ነው ብለን ተነሥተናል።

ብዙ ምሳሌ ሳናበዛ አንዱን እንውሰድ። እርሱም በክሪሚያ የተደረገው ጦርነት ነው። ዘመኑን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ስንጠራ፥ ከ1853 እስከ 1856 ድረስ እንግሊዝ፥ ፈረንሳይና ቱርክ፥ በኋላም ሰርዲኒያ፥ በአንድ ወገን ሆነው ከሩሲያ ጋር ተዋጉ። በዚህ ጦርነት ከሞቱት ከ20,000 በላይ የእንግሊዝ ወታደሮች መካከል በጦር ሜዳ የወደቁትና ቆስለው የሞቱት ተደምረው 5,000 አይሞሉም፤ 16,000 ያህሉን የገደላቸው በሽታ ነው። የፈረንሳይም ሠራዊት ከጠላት እጅ ይልቅ በበሽታ ብዙ ሰው አጥቷል።

በሽታው ሠራዊቱ ውጊያ እስኪገጥም እንኳ አልጠበቀም። በ1854 ክረምት የእንግሊዝና የፈረንሳይ ጦር በጥቁር ባሕር ዳር ቫርና በምትባል ከተማ አጠገብ ሠፍሮ ሳለ ኮሌራ ገባበት። ገና አንድ ጥይት ያልተኮሱ ጐልማሶች ማታ ደኅና አምሽተው በማግሥቱ ይቀበሩ ጀመር። በሽታው ማዕርግንም አይለይም ነበር። የፈረንሳዩ አዛዥ ማርሻል ሴንት አርኖ በ1854፥ የእንግሊዙም አዛዥ ሎርድ ራግላን በ1855 ታመው ሞቱ እንጂ በጦር አልወደቁም።

ስለ ምን እንዲህ ሆነ? በብዙ ሺህ የሚቈጠር ሰው በአንድ ስፍራ ይሠፍራል። የሚጸዳዳበት ስፍራና የሚጠጣው ውሃ ይቀራረባሉ። ኮሌራ የያዘው ሰው የሚያወጣው ቆሻሻ ውሃውን ሲነካ ተሕዋሲው ከአንዱ ወደ መቶው ይሻገራል። ሕመምተኛው በሰውነቱ ያለው ውሃና ጨው በተቅማጥና በትውከት ስለሚያልቅ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ሊሞት ይችላል። ደም ተቅማጥም በቆሸሸ እጅ፥ በዝንብና በውሃ ይተላለፋል። ለወራት ልብሱን ሳያወልቅ በቆየ ወታደር ላይ ደግሞ ቅማል ይፈላል፤ ታይፈስ የሚባለውን የተስቦ ዓይነት የሚያስተላልፈውም የልብስ ቅማል ነው። በዚህ ላይ ረኃብና ብርድ ሲጨመር ሰውነት የመቋቋም ኃይሉን ያጣል።

ከክሪሚያ የታመሙትና የቆሰሉት በመርከብ ባሕሩን ተሻግረው ከኢስታንቡል ፊት ለፊት ወዳለው ወደ እስኩታሪ ሆስፒታል ይወሰዱ ነበር። ወይዘሪት ፍሎረንስ ናይቲንጌል 38 አስታማሚዎች አስከትለው እዚያ የደረሱት በኖቬምበር 1854 ነው። መብራት ይዘው ሌሊት በሕመምተኞች መካከል የሚዘዋወሩት እኒህ ሴት በዓለም ሁሉ የተመሰገኑ ስለ ሆኑ ታሪካቸውን ሁላችንም በትምህርታችን ሰምተናል። ነገር ግን እኛ ከዚህ በፊት ያልሰማነውና ዛሬ ልንነግራችሁ የፈለግነው ቀጥሎ ያለውን ነው።

ወይዘሪት ናይቲንጌል ምግብ አስተካከሉ፤ ንጹሕ ልብስ አስመጡ፤ ወለሉን አስጠረጉ። ይህ ሁሉ እየተደረገ ሞቱ አልቆመም። በዚያው ብርድ በእስኩታሪ ከ4,000 የሚበልጡ ወታደሮች ሞቱ። በተመዘገበው ቁጥር መሠረት በፌብሩዋሪ 1855 ከታከሙት ከ100ው 42 ያህሉ አልዳኑም። በማርች ወር ከእንግሊዝ አገር የተላኩ የጤና አጥኚዎች መጥተው ሕንፃውን ሲመረምሩ ከሥሩ የቆሻሻ መውረጃው ተደፍኖ ሞልቶ አገኙት። ውሃው በሚመጣበት ቦይ ውስጥም የሞተ ፈረስ ነበረበት። መውረጃውን ጠረጉ፤ ውሃውን አጠሩ፤ ግድግዳውን ኖራ ቀቡ፤ አየር እንዲገባ አደረጉ። በጁን ወር ከ100 ሕመምተኞች የሚሞቱት 2 ያህል ብቻ ሆኑ።

ወይዘሪት ናይቲንጌል በመጀመሪያ ለሞቱ ብዛት ምክንያት ያደረጉት ይልቁን የምግብና የዕቃ ጕድለትን ነበር። ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ ግን ዊልያም ፋር ከሚባሉ የቁጥር ዐዋቂ ጋር ሆነው የሞቱትን ሰዎች መዝገብ አንድ ባንድ ቈጠሩ። ቁጥሩም እርሳቸው በደከሙበት በዚያ ትልቅ ሆስፒታል የተኙት፥ ከግንባሩ አጠገብ ከታከሙት ይልቅ በብዛት እንደ ሞቱ አሳያቸው። ይህን መቀበል ምንኛ ከባድ ነው! እርሳቸው ግን ቁጥሩን አልደበቁም። በ1858 ባሳተሙት ክብ ሥዕል በበሽታ የሞቱትን በሰማያዊ፥ በቁስል የሞቱትን በቀይ ቀለም ለይተው ለመንግሥትና ለሕዝብ አቀረቡ። ሰማያዊው ቀዩን ውጦት ይታያል። በዚህም ምክንያት የወታደር ሠፈርና ሆስፒታል አሠራር እንዲሻሻል ሆነ።

የኮሌራን ተሕዋሲ ኢጣሊያዊው ፓቺኒ በዚያው በ1854 በማይክሮስኮፕ አይቶት ነበር፤ የሰማው ግን አልነበረም። የጀርመኑ ሐኪም ኮኽ ለዓለም አረጋግጦ እስኪያሳይ ድረስ 30 ዓመት አለፈ። እንግዲህ ሞትን የቀነሱት ሰዎች ጠላታቸውን በዓይናቸው ሳያዩ፥ ቆሻሻውን በማስወገድና የሞተውን በትክክል በመቍጠር ነው።

የአገራችንም ታሪክ ከዚህ የራቀ አይደለም። ዳግማዊ ዐፄ ቴዎድሮስ በደረስጌ ማርያም ዘውድ የደፉት በ1847 ዓ.ም. በየካቲት ወር፥ ማለት በእስኩታሪ ሞት በበረታበት በዚያው ሰሞን ነው። በ1858 ዓ.ም. ሠራዊታቸው በጣና ዳር በቆራጣ ሳለ ኮሌራ ገብቶበት ብዙ ሰው አለቀ። ንጉሡም ሠፈሩን አስነሥተው ወደ ደብረ ታቦር፥ ወደ ደጋው ወጡ። ብዙ ጦር ያሸነፈ ሠራዊት ለዚህ ጠላት ግን ሥፍራ ለቀቀ።

አሁን ስለ ራሳችን አንድ ነገር እንናዘዝ። እኛ የክበቡ አባሎች ባለፈው ወሰነ ትምህርት «እጁን የማይታጠብ ተማሪ ሰነፍ ነው» የሚል ጽሑፍ በየግድግዳው ለጥፈን ነበር። የወይዘሪት ናይቲንጌልን ታሪክ ካነበብን በኋላ ግን «እስቲ እኛም እንቍጠር» ተባባልን። ደብተር ይዘን ለአምስት ቀን በየተራ ከሁለቱ የውሃ ቧንቧዎች አጠገብ ቆምን። ሳሙና ባለበት ቧንቧ አብዛኛው ተማሪ ይታጠባል። ከመጸዳጃው አጠገብ ባለው፥ ሳሙና በሌለበት ቧንቧ ግን የሚታጠበው ጥቂት ነው። ሳይታጠቡ ካለፉትም መካከል የክበባችን አባሎች ተገኙ፤ ስማቸው በደብተሩ ላይ ሰፍሯል።

በዚያን ጊዜ አፈርን። ጕድለቱ የሳሙና ሆኖ ሳለ እኛ ጓደኞቻችንን ሰድበናል። ጽሑፉን ከግድግዳው አንሥተን ከኪሳችን ሳንቲም አዋጥተን ሳሙና ገዛን፤ በአሮጌ ካልሲ አድርገን በቧንቧው ላይ አንጠለጠልነው። እንደገና ብንቈጥር የሚታጠበው ሰው በርክቶ አገኘነው።

ውድ ወላጆቻችን፥ ኮሌራ ዛሬም ከዓለም አልጠፋም። ጦርነትና ስደት ባለበት ሁሉ ሰዎች በአንድ ስፍራ ሲጨናነቁ እንደ ጥንቱ ይነሣል። የሚከላከሉት ነገሮች ግን በእጃችን ናቸው፤ የመጠጥ ውሃን ማፍላት፥ መጸዳጃን ከጕድጓድ ውሃ ማራቅ፥ እጅን በሳሙና መታጠብ፥ ተቅማጥ የያዘውን ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም ማድረስ። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው ያባቶቻችን ምክር ለዚህ የተነገረ ይመስላል።

በመጨረሻም አንድ ልመና አለን። ያ በካልሲ ውስጥ ያለው ሳሙና ሳምንት ሳይሞላው ያልቃል፤ የእኛም ሳንቲም እንዲሁ። ዛሬ ስትወጡ በበሩ አጠገብ አንዲት ሣጥን ታገኛላችሁ። ደብተሩም ከጐኗ ተቀምጧል፤ የእኛን ስም ጨምሮ ሁሉን ማየት ትችላላችሁ።